ያ ጀርባ የማን ነው?

ሃድሎክ ወደብ፣ ሜይን
ማርች 2 ቀን 1998

ይድረስ ለዘመዴ ለሊዮና፣

ባሕር አቋርጦ የሚሄድ ወረቀት ባዶ እጁን አይሄድምና መጀመሪያ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? የኖርዌይ ዝናብ አጥንትሽን አላበሰበሰውም? ባልሽስ ደህና ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በረዶው ገና ከደጃፌ አልወጣም። እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልሽ። ለቀረው ነገር ግን እሱን አላስቸግረውም፣ ራሴ እነግርሻለሁ።

ሠዓሊው ኦረን ቴልፎርድ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰውየው ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ግን ይሞላዋል። ታላቅ ሰው ሲሞት ልደቱ አይቆምም መሰለኝ። ባሌ ኸርቪ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንድ ሰው ሻማ አላበራለትም። እሱም እኮ ዕድሜ ልኩን ጀልባ ቀለም ሲቀባ ነው የኖረው!

ኦገስት ላይ ሳምንት ሙሉ በዓል ነው። በማኅበሩ አዳራሽ ኤግዚቢሽን አለ፣ የጀልባ እሽቅድምድም አለ፣ የልጆች ሥዕል ውድድር አለ፣ የሎብስተር እራት አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቁ ሥዕል፣ «መረብ ቋጣሪዋ»፣ ከሙዚየሙ ወጥቶ አገሩ ይገባል። በአርባ ሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ! እኛ እስከ ዛሬ በፖስታ ካርድና በባንክ ቤት ካላንደር ላይ ነው ያየነው።

ይህን ሁሉ የምታዘው ሚስስ ኬንዳል የምትባል የበጋ ሰው ናት። ከቦስተን ለበጋ መጥታ የዶክተሩን ቤት ገዛች፣ አሁን ወደቡንም የገዛች መስሏታል። እሷ ያመጣችው ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ «ሕያው ሥዕል» ይሉታል። በመክፈቻው ቀን አንዲት ሴት ልክ እንደ ሥዕሉ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ፣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ መረብ ትቋጥራለች። ማን እንደምትቀመጥ ገምቺ እስቲ።

አንቺ!

«ሞዴሏ በሕይወት ካለች ከዓለም ዳርቻም ቢሆን እናመጣታለን» አለች ሴትዮዋ። እኔ ከፊቷ ቆሜ ነበር እኮ! ከዓለም ዳርቻ አይደለም፣ ከመንገዱ ማዶ!

ሊዮና፣ ዕድሜያችን ስድሳ አራት ነው፣ አንሸዋወድ። ሥዕሉ ላይ ያለው በር የኛ ዕቃ ቤት በር ነው። እዚያ በር ላይ ተቀምጬ በየመኸሩ የሎብስተር ወጥመድ መረብ የምቋጥረው እኔ ነበርኩ። ሰውየው ወዲያ ወዲህ እያለ ሲያየኝ አውቃለሁ። አንቺ እኮ በሕይወትሽ አንድ መረብ ቋጥረሽ ጨርሰሽ አታውቂም! መርፌውን ስትይዢው ሹካ ይመስል ነበር። ለሁለት የገና በዓል ግን ፖስታ ቤቱ በሰው ፊት ከቴልፎርድ የመጣ ጥቅል ሲሰጥሽ፣ አገሩ ሁሉ «የሥዕሏ ልጅ» ሲልሽ፣ አንድ ቀን «እኔ አይደለሁም» አላልሽም።

አሁን በይ። ለኮሚቴው አንድ መስመር ጻፊ፦ «እኔ አይደለሁም፣ አርቪላ ናት።» ሌላ ነገር ጠይቄሽ አላውቅም።

ዘመድሽ አርቪላ


በርገን፣ ኖርዌይ
ኤፕሪል 11 ቀን 1998

ውድ አርቪላ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ድምፅሽም አብሮ ደርሷል፤ ፖስተኛው በሩ ላይ ቆሞ የሰማ ነው የሚመስለኝ። ባሌ ደህና ነው። እኔ ዳሌዬን ታምሜ ነበር፣ መልሱ የዘገየው ለዚያ ነው ልበልሽ።

ኮሚቴውም ጽፎልኛል። ወፍራም ወረቀት ነው። ገና አልመለስኩም።

«እኔ ነኝ» ብዬ አልጽፍም። «እኔ አይደለሁም» ብዬም አልጽፍም። አትቆጪ። ትቆጫለሽ፣ ግን ልበል።

እስቲ አገር ቤት ያለውን ንገሪኝ። ዕቃ ቤቱ አሁንም ቆሟል? የእናትሽ መቃብር ድንጋይ አልዘመመም? ዓሣ አጥማጆቹ «የሁልዳ መረብ ወደ ኋላ ያያል» እያሉ ሲቀልዱባት፣ እሷም «ወደ ኋላ ቢያይም ሎብስተሩ ወደ ፊት ይገባል» ስትላቸው ትዝ ይልሻል? የእንጨት መርፌዋስ አለ? ያ ጫፉ የተበላው። ካለና የማትፈልጊው ከሆነ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል።

ጉልበትሽን ሙቅ ጨርቅ አድርጊበት።

ሊዮና


ሃድሎክ ወደብ
ኤፕሪል 20 ቀን 1998

ሊዮና፣

ሰላምታዬ ባለፈው ደብዳቤ ላይ አለ፣ እዚያ ሄደሽ አንብቢው።

የእናቴ መርፌ! እኔ ስለ ሥዕል እጠይቅሻለሁ፣ አንቺ ስለ መርፌ! ዘጠኝ ዓመት ሲሆንሽ እናትሽ ሞተችና እኛ ቤት እየመጣሽ ባቄላችንን በላሽ፣ ደግ አደረግሽ። እናቴ ጠጉርሽን አበጠረችልሽ፣ ደግ አደረገች። አባቴን ባሕር ሲወስደው የወጥመዱን ቀለም አባትሽ ወሰደ፣ እሺ ይሁን። ሥዕሉን ወሰድሽ። አሁን ደግሞ መርፌ ቀረሽ? ለምን ምድጃውን አልልክልሽም?

ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ የሆነውን ስሚ። ሚስስ ኬንዳል ፖስታ ካርዱን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ዳቦ ትገዛለች። እኔ ገባሁ።

«ሚስስ ኬንዳል፣ ካርዱ ላይ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ተንሳፋፊ እንጨቶች አይተሻል?» አልኳት። «ቢጫ ከጥቁር መቀነት ጋር። የአባቴ ቀለም ነው። እዚህ አገር ሰው በመልኩ አይታወቅም፣ ወጥመዱ ላይ በሚያንሳፍፈው እንጨት ቀለም ነው የሚታወቅ። እንጨቱ የኛ ከሆነ ሴትዮዋም የኛ ናት።»

ሽማግሌው ኤልሮይ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ሳቀ። ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ምላሱ ግን ሃያ ነው።

«አንቺ አርቪላ፣ አባትሽ የሞተው በ1949 ነው» አለኝ። «ሥዕሉ የተሣለው በ1951 ነው። ያኔ ቢጫና ጥቁር የሚያንሳፍፈው የሊዮና አባት፣ ኦስመንድ ነበር። በቀለሙ ከሄድን ሴትዮዋ የኦስመንድ ልጅ ናት።»

«ቀለሙ ሄደ እንጂ አሮጌዎቹ እንጨቶች ከግድግዳችን ወርደው አያውቁም!»

«እሺ፣ ፀሐዩስ? የጠዋት ፀሐይ እኮ ነው በሩ ላይ የሚያበራው። አንቺ ጠዋት ጠዋት ፋብሪካ ሰርዲን ስታሽጊ አልነበር?»

«እሁድስ ጋሼ ኤልሮይ? እሁድ ፋብሪካ አለ?»

«እሁድ? የዲያቆኑን ልጅ ለማግባት የታጨሽ ልጅ እሁድ ጠዋት መረብ ስትቋጥሪ? ዲያቆኑ በመረቡ ጠቅልሎ ባሕር ይጥልሽ ነበር!»

ሱቁ ሁሉ ሳቀ። ያቺ ሴትዮ እንኳ ምኑም ሳይገባት ሳቀች። ዳቦዬን ትቼ ወጣሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለወጥኩ። አትጻፊ። ነይ! ነይና ሕዝቡ ፊት ሣጥኑ ላይ ተቀመጪ፣ መርፌውን ያዢ፣ አንድ ዙር ቋጥሪ። ያን ጊዜ አገሩ ራሱ ይፈርዳል።

አርቪላ


በርገን
ጁን 29 ቀን 1998

ውድ አርቪላ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ወር ዝም አልኩሽ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። ይኸኛው አጭር ስለሆነ ሳይተርፍ አይቀርም።

አልመጣም። ለኮሚቴው «ዳሌዬ አይችልም፣ ሣጥኑ ላይ አርቪላ ትቀመጥ» ብዬ ጻፍኩ። የፈለግሽው ይኸው ነበር፣ እንኳን ደስ አለሽ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ሥዕሉ ሲደርስ ከሰው በፊት ሄደሽ እይው። ቀረብ ብለሽ። እንጨቶቹን ተያቸው፣ በሕይወትሽ ሙሉ እንጨቶቹን ነው ያየሽው። መረቡን እይ። ከዚያ ጻፊልኝ።

ሊዮና


ሃድሎክ ወደብ
ኦገስት 3 ቀን 1998

ሊዮና፣

እንደምን አለሽ ለማለት እንኳ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ሐሙስ በትልቅ መኪና መጣ። አራት ሰው ጓንት አድርጎ ተሸከመው፣ እንደ ጳጳስ ሬሣ። ኮሚቴው እኔን ከመረጠ ወዲህ ሚስስ ኬንዳል «ውዴ» ትለኛለች። ስለዚህ አዳራሹ ሳይከፈት አስገባችኝ።

እኔ ፖስታ ካርድ የሚያህል ነገር ነው የጠበቅኩት። ከኔ ቁመት ይበልጣል እኮ! የበሩ እንጨት ይሸታል ብልሽ ታምኚኛለሽ? መጀመሪያ ጀርባዋን አየሁት። ወፍራም ሹራብ፣ የተጠቀለለ ጠጉር። ሆዴ «እኔ ነኝ» አለ። ደስ አለኝ። አልዋሽሽም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አንቺንም ረገምኩሽ።

ከዚያ ያልሽው ነገር ትዝ አለኝና ቀረብኩ። ከሥዕሉ ፊት የተዘረጋውን መከልከያ ገመድ አለፍኩት።

«ውዴ፣ ከገመዱ ወዲህ!» አለች ሴትዮዋ።

«ውዴ ራስሽ ነሽ፣ ዝም በይ!» አልኳት።

ካርዱ ላይ መረቡ ግራጫ ጭስ ነው፣ ምንም አይታይበትም። እዚህ ግን ሰውየው እያንዳንዷን ቋጠሮ ሥሏታል። እየለየ! ሚስማሩ ላይ ከተንጠለጠለው ጀምሬ ቆጠርኩ። ሃምሳ ዓመት መረብ ቋጥሬያለሁ ሊዮና፣ ቋጠሮ በጨለማም አውቃለሁ። የኔ ቋጠሮ ወደ ቀኝ ያጋድላል። የሁሉም ሰው ወደ ቀኝ ያጋድላል።

ያኛው ወደ ግራ ነው። አንድ ሳይቀር። ወደ ኋላ ያያል።

በዚህ ወደብ ግራኝ መረብ ቋጣሪ አንዲት ብቻ ነበረች። እኔን ያስተማረችኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነው፣ እንደ መስታወት። በግራዋ ታሳየኛለች፣ እኔ በቀኜ እሠራለሁ። ለዚህ ነው የኔ ቀኝ የሆነው።

እኔ ፋብሪካ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት እኔ ፋብሪካ ነበርኩ!

እናቴ ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። አሮጊት ትመስለኝ ነበር። ያ ጀርባ የልጅ ጀርባ ነው ብለን አርባ ሰባት ዓመት ተጣላንበት።

አንቺ ታውቂ ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ መርፌዋን ስትጠይቂኝ ታውቂ ነበር። አሁን ዳሌዬ ምናምን እንዳትዪኝ። በዓሉ ኦገስት 22 ነው። በፈጣኑ ፖስታ እውነቱን ላኪልኝ።

አርቪላ


በርገን
ኦገስት 11 ቀን 1998

አርቪላ እህቴ፣

እግዚአብሔር ይህን የምታነቢበትን ወንበር ያጽናልሽ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ቴልፎርድ መጀመሪያ የሣለው እኔን ነው። ሁለት ቀን። እንደምታውቂኝ አርፌ አልቀመጥም፣ ሳወራበት ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ጨርቅ ነክሮ ጠረገኝና «አመሰግናለሁ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ። ስወጣ እናትሽ በሩ ላይ ተቀምጣ ስትቋጥር አያት። እኔን የጠረገበት ሸራ ላይ ነው እሷን የሣላት። እኔስ አልቀናሁም መሰለሽ? ትራሴን ደብድቤ ነው ያለቀስኩት።

ለአሥራ አንድ ቀን ጠዋት ጠዋት ተቀመጠችለት። አንድ ቀን ምሳ ይዤላቸው ስገባ «ፊትሽን ወደዚህ ብታዞሪልኝ» ሲላት ሰማሁ። እሷም «ጀርባዬን ወስደሃል፣ ፊቴ ለቤቴ ነው» አለችው። በመካከላቸው ሌላ ምን እንደነበር አልጠየቅኩም፣ አልነገረችኝምም።

በሚቀጥለው ዓመት ሥዕሉ መጽሔት ላይ ወጣ። አገሩ «ማን ናት?» ማለት ጀመረ። ባሏ በሞተ በሁለት ዓመት አንዲት መበለት ከሠዓሊ ጋር አሥራ አንድ ጠዋት ዕቃ ቤት ውስጥ! አንቺ ለዲያቆኑ ልጅ ለኸርቪ ታጭተሻል። የዲያቆኑን ሚስት አትረሻትም፣ የሰው ኩባያ ውስጥ ስንት ስኳር እንደገባ የምትቆጥረዋን። ሰርግሽ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

እናትሽ በዝናብ ወደኛ ቤት ወረደች። «ሊዮና፣ እኔ ነኝ በይ» አለችኝ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ እናት የለሽም፣ እስከ ጸደይ ድረስ ይረሱልሻል።» እሺ አልኩ። ያቺ ሴት ጠጉሬን አበጥራልኛለች፣ እምቢ እላለሁ?

አልረሱልኝም። እስኪረሱልኝ ከመጠበቅ ጨው ጭኖ የመጣውን የኖርዌይ መርከብ ምክትል ካፒቴን አገባሁና ሄድኩ። ደግነቱ ጥሩ ሰው ወጣልኝ።

የገና ጥቅሎቹ ደግሞ ሲባጎ ነበሩ። ጥሩ የተልባ እግር ሲባጎ። ስሙ የኔ ነው፣ ዕቃው የሷ ነበር። በጓሮ በር አስገባላት ነበር።

አሁን ታውቂያለሽ። የምታደርጊው ያንቺ ፈንታ ነው። ሣጥኑ ላይ ተቀምጠሽ ዝም ብትዪ አልቀየምሽም።

ሊዮና


ሃድሎክ ወደብ
ኦገስት 24 ቀን 1998

ይድረስ ለሊዮና፣

ደህና ነሽ? መልስሽን ሳልጠብቅ ደህና ሁኚ ብያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉም ነበር፣ ከዚያ ገለጠ። ሰው አዳራሹን ሞልቶ መንገድ ላይ ፈሰሰ። የበጋ ሰዎች ነጭ ጫማ አድርገው፣ የኛዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዛቸውን ለብሰው። ሚስስ ኬንዳል ስለ ብርሃንና ስለ ዝምታ አርባ ደቂቃ ተናገረች። ስለ ዝምታ አርባ ደቂቃ! ከዚያ መጋረጃው ተገለጠ፤ እኔ ከሥዕሉ ሥር ሣጥኑ ላይ፣ ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ።

ምን እንደማደርግ አልወሰንኩም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝም ብዬ መቀመጥ አምሮኝ ነበር። አርባ ሰባት ዓመት የፈለግኩት ወንበር ነው። ሰው ሁሉ «አርቪላ ናት ለካ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አንቺ እንኳ ፈቅደሽልኛል። መፍቀድሽ ነው ያንገበገበኝ።

የእናቴን መርፌ አወጣሁ። በግራ እጄ ያዝኩት።

በሕይወቴ በግራ ቋጥሬ አላውቅም። ጣቶቼ እንደ እንጨት ሆኑ፣ ሲባጎው ተጠላለፈ። የመጀመሪያው ቋጠሮ ሲያስጠላ! ሁለተኛውም። ከኋላ የኤልሮይ ድምፅ መጣ።

«አርቪላ! እጅሽ ተሳሳተ!»

ሰው ሳቀ።

«አልተሳሳተም ጋሼ ኤልሮይ» አልኩ፣ ሳልዞር። «መረቡን እየው።»

ሽማግሌው በክራንቹ እያንኳኳ ሲመጣ ሰማሁት። ገመዱን አለፈ፣ ማንም አልከለከለውም። አፍንጫውን ሥዕሉ ላይ አስጠግቶ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ አየ። የሷን መረብ ሠላሳ ዓመት ባሕር ውስጥ የከተተ ሰው ነው። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ወደ ኋላ ያያል» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሁልዳ!» አለ፣ እበር ላይ አግኝቷት ሰላም እንደሚላት።

ያን ጊዜ ተነሥቼ ዞርኩ። ብዙ የምናገር መስሎኝ ነበር፣ ታውቂኛለሽ። የወጣኝ ይኼ ብቻ ነው፦ «እናቴ ናት። ሁልዳ ትባላለች። ሊዮና ስሟን የሰጠችው የኔ ሰርግ እንዳይፈርስ ነው። ሚስስ ኬንዳል፣ ጻፊው።» የዲያቆኑ ሚስት የእህት ልጆች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። አንዷም ስኳር አልቆጠረችም።

ሚስስ ኬንዳል እያለቀሰች ጻፈችው። አሁን ከሥዕሉ ሥር የእናቴ ስም በማሽን ተጽፏል። ያንቺም አለ፣ ዝቅ ብሎ። የኔ የለም። ፈልጌም አጣሁት። ማታ በእራቱ ላይ የናቴን ሎብስተር ነው የምበላው ብዬ ሁለት በላሁ።

በይ እንግዲህ፣ አሁን ቅናቴ ያለቀ መስሎሻል። አላለቀም። ሥዕሉን ተውኩልሽ፣ ሥዕል ምን ያደርግልኛል። የማልተውልሽ ሌላ ነው። እናቴ በዚያ ዝናብ ወደናንተ ስትወርድ እኔ ላይኛው ክፍል የሰርግ ልብሴን እየሰፋሁ ነበር። በራፌን አልፋ ነው የሄደችው። ደረጃው ሲንቋቋ ሰምቼ «እማዬ፣ ወዴት ነው?» አልኳት፣ «መጣሁ» አለችኝ። ከዚያም ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖረች፣ አጠብኳት፣ አበላኋት፣ ቀበርኳት፣ አንድም ቀን አልነገረችኝም። ላንቺ ነገረችሽ። ያ ምሽት ያንቺ ነው፣ የኔ አይደለም። ያንን ነው የቀናሁብሽ፣ ስሞትም አብሮኝ ይሄዳል።

ስለዚህ በዳሌሽ አታሳብቢ። በረዶ ሳይጥል ነይ። ወጥ ቤት ቁጭ ብለሽ ያለችውን ቃል በቃል ትነግሪኛለሽ፣ ምን ለብሳ እንደነበር፣ ከዝናቡ ስትገባ ሻርፗን የት እንደሰቀለች፣ ስሜን ስትጠራ ድምፅዋ እንዴት እንደነበር። ሁሉንም። ሳትጨርሺ አታድሪም።

መርፌዋን አጥቤ፣ አድርቄ፣ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በፖስታ አልልክልሽም።

መጥተሽ ውሰጂ።

አርቪላ